በመቁረጫ ክፍሉ አደጋና እስከ ቅዳሜ በተፈረመው ቅጽ ላይ የተሰጠ ቃል

የምስክሯ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ እንደተጻፈው
ዕድሜ፦ 26
የትምህርት ደረጃ፦ በኢንዱስትሪ ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ
ሥራ፦ በካርቶን ፋብሪካ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ
አድራሻ፦ ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ከእናቷ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ

ዛሬ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ የፋብሪካው የምርት ኃላፊ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ካርቶን አውጥቶ በሁለተኛው መቁረጫ ማሽን የመከለያ በር ማብሪያ ውስጥ ሲሸጉጠው በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ የነበርኩት ከማሽኑ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ፣ በጥሬ ዕቃ መግቢያው በር ላይ ነው። "ይተዉት! ይተዉት!" እያልኩ ሮጥኩ። እርሱ ዞር ብሎም ሳያየኝ ለማሽኑ ሠራተኛ "በእጅሽ ሳብ አድርጊው፣ ለአራት ደቂቃ ጊዜ የለንም" አላት። እርሱ "አንቺ" ያላት ሠራተኛ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። እትዬ በማሽኑ ውስጥ የተቀረቀረውን ካርቶን ለመሳብ እጃቸውን አስገቡ። ማሽኑ በሩ የተዘጋ መስሎት መቁረጫው ወረደ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ተጨፈለቁ። ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ የመታሁት እኔ ነኝ።

መርማሪው ኃላፊውን ለምን አንቱ እንደማልለው ጠይቀውኛል። እስከ ዛሬ ቀትር እለው ነበር።

በማብሪያው ውስጥ የተሸጎጠው ካርቶን ምን እንደሆነም ስለተጠየቅሁ እንደሚከተለው አስረዳለሁ። እኛ ዘንድ "ትራስ" ይባላል። የመከለያው በር ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም ማብሪያ አለ፤ ማብሪያው ትራስ ከተደገፈ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶም ማሽኑ ይሠራል። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያ ቀኑ ትራስ ይሰጠዋል፣ ይጨበጨብለታል። ከአሥር ወር በፊት ስቀጠር፣ ያውም ለደህንነት ተቆጣጣሪነት፣ ለእኔም በፕላስተር ተጠቅልሎ ስሜ የተጻፈበት ተሰጥቶኛል። የሠሩልኝ እትዬ ናቸው። "እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ፣ ይሄ ከሌለሽ እዚህ ቤት አትከርሚም" አሉኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የተማርኩትን ይዤ ገባሁ። አስተማርኩ፣ ማስጠንቀቂያ ለጠፍኩ፣ ትራሶቹን እየለቀምኩ ጣልኩ። ፋብሪካው የካርቶን ፋብሪካ ነው፤ የጣልኩት ሁሉ በማግስቱ ተተክቶ ይጠብቀኛል። ያተረፍኩት "ፕሮፌሰሯ" የሚል ቅጽል ስም ብቻ ነው። በሦስተኛው ወር አፌን ዘግቼ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። በየፈረቃው መጨረሻ ኃላፊው ትንሽ ባመረተው ቡድን ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ ኤሊ ያስቀምጣል። ኤሊዋ እስከ ማግስቱ ትቆያለች፤ ሠላሳ ስምንት ሰው ያያታል። የልጅ ልጅ ያዩ ሴቶች በእሷ ምክንያት ምሳቸውን አቀርቅረው ሲበሉ አይቻለሁ። ካርቶን ሲቀረቀር በሩን ከፍቶ፣ አጽድቶ፣ ዘግቶ ማሽኑን እንደገና ለማስነሳት አራት ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ሠራተኛው ጣቱን የሚያስገባው አደጋውን ስላላወቀ አልነበረም፤ ኤሊዋን ፈርቶ ነው። እኔ ለሁለት ወር ሙሉ ሰዎቹ አብጠርጥረው የሚያውቁትን ነገር ሳስተምራቸው ኖሬያለሁ!

ካርቶኑ የሚቀረቀረው ለምን እንደሆነም ከሠራተኞቹ ጋር ቆጥረን ደረስንበት። ጣሪያው በሚያፈስበት ጥግ የተከመረው እርጥብ ነበር። ክምሩን ወደ ደረቁ ግድግዳ አዛወርን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ማንም ሳያዛቸው መጥተው ገፉት። በሩን ለመክፈት የሚጠፋው ደቂቃ ከቡድኑ ላይ እንዳይቆጠር ኃላፊውን ሠላሳ ስምንቱም ባሉበት አስማማሁት። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ በመቁረጫ ክፍሉ አንድም ትራስ አልተገኘም! ምርቱም አልቀነሰም። አንድ ሰው ማሽን አቁሞ በሩን ሲከፍት ያጨበጭቡለት ጀመር። የማሸጊያው ልጅ "ፕሮፌሰሯ፣ ኤሊዋ ሥራ ፈታች፣ ጡረታ አውጪላት" ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። መርማሪው በዚህ ቦታ ቀስ ብዬ እንድናገር አሳስበውኛል። ይህን ቀስ ብዬ መናገር አልቻልኩም።

ዛሬ ግን ለነገ የሚጫን ትዕዛዝ ዘግይቶ ነበር፣ ኃላፊውም ከጠዋት ጀምሮ ከማሽን ማሽን ይመላለስ ነበር። ከዚያ የሆነውን ከላይ ተናግሬያለሁ።

ከእትዬ ጋር አምቡላንስ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። አምስት ሰዓት ሲሆን ግራ እጃቸውን ይዤ መንገድ ላይ ነበርን። "ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እጄን ማስገባት አልነበረብኝም" ይሉ ነበር። ዝም እንዲሉ ለመንኳቸው። ትንሽ ቆይተው "ኤሊዋን ግን እኔ ጋ እንዳያስቀምጧት" አሉኝ። እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው እስካሁን አላውቅም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ ማሽኖቹ በሙሉ ቆመዋል። ሠላሳ ሰባቱም ሠራተኞች በየማሽናቸው አጠገብ እጃቸውን አጣጥፈው ነበር፤ የእያንዳንዱ በር ካልተፈተሸ አናስነሳም ብለዋል። ማንም አላስተባበራቸውም። ኃላፊው ቢሮው አስጠርቶኝ በሩን ዘጋ። "በዛሬው የአምስት ሰዓት የደህንነት ፍተሻ ቅጽ ላይ ፈርመሻል። በማብሪያው ውስጥ ባዕድ ነገር የለም ይላል። ስለዚህ ትራስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሴትዮዋ በራሷ ግድየለሽነት ነው የተጎዳችው" አለኝ። አልፈረምኩም አልኩት። "አልፈረምኩም ካልሽ ሥራሽን አልሠራሽም ማለት ነው። ከሁለታችሁ የምትተርፈው አንዷ ናት፤ ወይ እሷ ወይ አንቺ። እኔ አንቺን መርጫለሁ፣ የተማርሽ ልጅ ነሽ። ከሰኞ ጀምሮ ዋናው ቢሮ ትገቢያለሽ" አለ። "ለመረጡኝ አመሰግናለሁ፤ እኔ ግን እሳቸውን መርጫለሁ" ብዬው ወጣሁ። አንቱ ያልኩት የመጨረሻ ጊዜ ይህ ነው።

በዚህ ፖሊስ ጣቢያ መርማሪው ያንኑ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አሳይተውኛል። ኃላፊው ራሱ በስምንት ሰዓት አምጥቶ በማስረጃነት ያስረከበው ነው። በሐሙስ አምስት ሰዓት ትይዩ የእኔን የሚመስል ፊርማ አለ። ከሥሩ ያለውን እንዲያዩልኝ መርማሪውን ጠየቅሁ። ዓርብም ተፈርሟል። ቅዳሜም ተፈርሟል፤ በቅዳሜው አምስት ሰዓት ፊት ለፊት "እንከን የለም" ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ ገና ሐሙስ ነው! ኃላፊው ወረቀቱን በገዛ እጁ ይዞ ሲመጣ ይህን ያላየው ዓይኑ ስለለመደው ነው። በዚያ ፋብሪካ ቅጽ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

ፊርማውን የፈረመው የፈረቃው አለቃ መሆኑን የሰማሁት ከእርሱው አንደበት ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት በጣቢያው ኮሪደር ላይ አጠገቤ ተቀምጦ "እህቴ፣ ሰኞ ሰኞ የሁላችሁንም የሳምንቱን ፊርማ እኔ ነኝ የምፈርመው። ሥራ እንዳይበዛብሽ ብዬ ነው" አለኝ። "ማን አግዘኝ አለህ?" አልኩት። "ማንም። ከእኔ በፊት የነበረውም እንዲህ ነበር የሚያደርገው" ብሎ አለቀሰ። እርሱም ቃሉን ለመስጠት ተራ እየጠበቀ ነው። የእኔንም ጥፋት አልደብቅም፤ ፍተሻዬን በራሴ ደብተር እየመዘገብኩ ያንን ቅጽ ተራ የወረቀት ሥራ ነው ብዬ ንቄው አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም። ደብተሩን ከዚህ ቃል ጋር አስረክቤያለሁ። የዛሬው የአምስት ሰዓት ቦታ ባዶ ነው።

ከላይ የሰፈረው በመርማሪው ተነቦልኛል። ያላየሁትን አላስገባሁበትም፤ ያየሁትንም አላስቀረሁም። ማንም አስገድዶኝ ወይም አባብሎኝ አልተናገርኩም፤ ፍርድ ቤት ስጠራም ይህንኑ እደግማለሁ። ከመፈረሜ በፊት የሚከተለው እንዲጨመርልኝ ጠይቄ መርማሪው ጽፈውልኛል።

እትዬ በራሳቸው ጥፋት ተጎዱ የሚል ወረቀት፣ ማኅተሙ የማንም ይሁን የማን፣ አልቀበልም። የሰው እጅ እያለቀ ለሚመጣ ዕድገት አልሄድም። "እዚህ ቤት እንዲህ ነው" የሚለውን መልስ ከአለቃም፣ ከሠራተኛም፣ ከራሴም ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሥራዬ ላይ እገኛለሁ፤ ከበር የሚመልሰኝ ካለ ምክንያቱን ጽፎ ይስጠኝ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________