የብረት ሳጥኑ ቁልፍ

አሶሳ ወርክሾፓችን ውስጥ ከኮምፒውተሩ ወደ ብረት መቅረጫው ማሽን ትእዛዝ የሚያደርሰውን ገመድ አይጥ በላብንና ያለ ገመድ የሚሠራ መላኪያና መቀበያ መጣልን። የኩርሙክ ወፍጮ ማርሹ ተሰብሮ ቆሟል፤ ሰው እህሉን ይዞ የሚጠብቀው እኛን ነው። ከቢሮ ሆኜ የማርሹን ልክ ብልክ፣ ደግሜ ብልክ፣ ማሽኑ ጭጭ! ተናድጄ ወርክሾፑ ገባሁ።

«አቶ ሐሰን፣ መቀበያው የታለ?» አልኳቸው ማሽኑን የሚያሠሩትን አዛውንት።

«እዚህ!» የማሽኑን የብረት ሳጥን በኩራት አሳዩኝ። መቀበያውን በላስቲክ ጠቅልለው ውስጡ ቆልፈውበታል። «ያለን አንድ ነው፤ ወላሂ፣ አቧራ አይነካውም!»

ንዴቴ በሳቅ ጠፋ። «ብረቱ እኮ ሞገዱን አያሳልፍም፤ ተቆልፎበት በምን ይስማኝ?»

ከፈቱት። ቢሮ ሮጬ ልኬ ስመለስ ማሽኑ እየጮኸ ማርሹን ይቀርጻል። አቶ ሐሰን ጥቂት አዩትና ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩት፤ «እንካ፣ የዛሬው መምህሬ። ከእንግዲህ እዚህ ሥራ የለውም።»