ከበቅሎ አልወርድም

ከጎንደር ወደ ዛሪማ በምትሄድ ማኪና ላይ፣ አንድ ነጋዴና አንድ ሽማግሌ ባላገር ከኋላዬ ያወራሉ።

«አያ፣ ያ ፓርቲ አቋቋምሁ ያለው ሰውዬ ወዴት ደረሰ?»

«‹ሰው ሁሉ እኩል ነው፤ ለሹም ከበቅሎ አትውረዱ› ያለን?»

«አዎ፣ እሱ።»

«አልወርድም ብሎ ልጄ ታሰረ። እስካሁን አልተፈታም።»

«ምነው፣ ሰውዬውስ አልታሰረም?»

«ታስሮ ነበር። ጃንሆይ ማሩትና ሾሙት። አሁን የኛው ገዥ ሆኖ መጥቷል።»

«ሸጋ ነዋ! ልጅዎን ያስፈታልዎታል።»

«እኔም እንዲያ ብዬ ትናንት ልለምነው ስሄድ፣ አጃቢ አስከትሎ መንገድ ላይ አገኘሁት።»

«ከበቅሎ ወረዱለት?»

«ምን ቆርጦኝ! ትምህርቱን እንዳልረሳሁ ይይልኝ ብዬ፣ እላይዋ ላይ ሆኜ እጅ ነሣሁት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«በቅሎዬን አስወሰዳት።»

ማኪናዋ ዛሪማ ቆማ ሽማግሌው ሊወርዱ ሲነሡ፣ እኔም ሳላስበው ከመቀመጫዬ ብድግ አልሁላቸው።