አንድ ላይ የተነሱ እጆች

ውሃው ልክ ነው፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ እኮ ጸጉሬን ካንቺ ሌላ ሰው ሲነካው አልወድም... ብቻ የዚያን የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ሙቀቱን ትንሽ ቀንሺላት፤ ከስሩ ያለችውን እህታችንን ፊቷን አቀላው። ጩኸቱም ሰው የሚያወራውን አያሰማ... እንዲያ! አሁን ተመቻት።

ልጄማ ደህና ናት። ከትምህርት ቤቱ የቺርሊደር ቡድን፣ ኳስ ሲኖር ሜዳ ዳር እጅ እያነሱ ከሚያደምቁት ልጆች፣ ወጥታ አረፈች እንጂ። ኧረ ምንም አልሆነችም! አሰልጣኟ እኮ ጎበዝ ናት። ስም አልጠራም፣ ሰውን ፊት ለፊት ማመስገን ያሳፍረኛል። እጅ እንዴት እንደሚነሳ ግን በእሷ ነው ያወቅነው። ቡጢ ጨበጥ፣ አውራ ጣት ከውጭ፣ አንጓ ሳይታጠፍ ቀጥ። ሁለቱ እጆች ወደ ላይ ሰፋ ብለው ሲነሱ ጎል አገባን ማለት ነው። ወደ ታች ሰፋ ሲሉ ደግሞ ገባብን፣ አይዟችሁ። ይሄን እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ አጥንቼዋለሁ፤ የአሰልጣኝ የእህት ልጅ ታጣዋለች?

አዎ፣ የእህቷን ልጅ ነው ከፊት ያቆመቻት። ምን አለበት? ዘመድ ከኋላ ሆኖ ይታያል እንዴ? የኋላዎቹ ደግሞ ሜዳውን አያዩም፤ የፊተኛዋን አይተው ነው የሚያነሱት። ደንብ ነው። ያን ቀን ታዲያ ጎል ገባብን። የፊተኛዋ ሆዬ ኳሱን መረብ ውስጥ አየች፤ የማን መረብ እንደሆነ ምን አስጨነቃት? እጇን ወደ ላይ! ከኋላ ያሉትም ሁሉ ወደ ላይ! ተጋጣሚዎቻችን እንዴት ደስ እንዳላቸው ብታዪ... እንዲህ እንግዳ የሚያከብር ቡድን የት ይገኛል? የእኔዋ ብቻ ግብ ጠባቂያችንን መሬት ላይ ተዘርሮ አየችና እጇን ወደ ታች አደረገች።

«ሰልፉን አበላሸሽ» ተብላ ተባረረች። ትክክል ነዋ! ብቻዋን ልክ መሆን ምን ይባላል? ...እህታችን እንደገና ቀላች፣ ካስኩን ቀንሰሽው የለ እንዴ?

ልጄ የቡድኑን ልብስ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ መለሰች። አሁን በሩን ዘግታ መስታወት ፊት እጇን ታነሳለች፤ ስገባ ጸጉሯን የምታስተካክል ትመስላለች። አንጀቴ ነው የሚያርረው፣ አልደብቅሽም... ቅዳሜ ውድድር አላቸው አሉ። ልጄን ትመልስልኝ ግን አልልም። ኧረ ወዲያ! ማየት የሚችል ሰው ከኋላዋ ሲቆም የእህቷን ልጅ ይከብዳታል።

ውይ፣ ሻምፖው ዓይኔ ገባ... ምንም አይደል፣ እጠቢው። እኔማ ለእሷ ደጉን ነው የምመኝላት። ዕድሜ ይስጣት። ጤና ይስጣት። አንድ ቀን ጨንቋት ዞር ስትል ደግሞ፣ ልክ እሷ ለልጄ እንደቆመችላት የሚቆምላት ሰው አያሳጣት።

አሜን በይ እንጂ! ...ካስኩ ስር ያለሽው እህቴ፣ ምነው ለመነሳት ቸኮልሽ? ውድድሩ ቅዳሜ አይደል እንዴ? አንቺም አሜን በይላት።