በኬላው ድንጋይ ላይ የተዘረጋው የቃጠሎ መድኃኒት

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ይማርሽ ምስጋኑ
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ ግብርና
አድራሻ፦ ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ላስታ አውራጃ፣ ብልባላ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ግንቦት 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሟች ዘነቡ ወልደ ኪዳን የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ነበረች። በሚያዝያ ወር ብልባላ ባለው የእርዳታ ጣቢያ ምግብ ልትቀበል ተሰልፋ ሳለ የፈላ ገንፎ የያዘ በርሜል ተገልብጦ ጀርባዋንና ጭኗን አቃጠላት። ክሊኒክ ወሰድኳት። የጤና ረዳቱ አቶ ቢሆነኝ አረጋ በመጀመሪያ ቁስሏን በጎዝ ጨርቅ ሸፈነላት፤ ጎዙ ግን ከሥጋዋ ጋር እየተጣበቀ፣ ሲነሳ ደም ስለሚያመጣ፣ ልጅቷ ራሷን ትስት ነበር።

ቀጥሎ የውጭ አገር ሐኪሞች ትተውት የሄዱትን መድኃኒት አደረገላት። መድኃኒቱ እንደ ተልባ የሚያሟልጭ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ፣ እንደ ጨርቅ የተዘረጋ ነገር ነው። አብዛኛው ውሃ እንደሆነ፣ ቁስሉን ከመድረቅ እንደሚጠብቅ፣ ውስጡ ያለው የጀርም ማጥፊያም ቀስ እያለ እንደሚወጣ ነገረኝ። ልጄ "እማዬ፣ ቀዘቀዘልኝ" ብላ ተኛች።

መድኃኒቱ ሲያልቅ ከአቶ ቢሆነኝ ጋር ላሊበላ ሄደን፣ እሱ እዚያ የእርዳታ መጋዘን ውስጥ የቀረውን ተረከበ። ስንመለስ ኬላ ላይ ያስቆሙን ታጣቂዎች እሽጉን ከፈቱ። እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም፣ ለወንበዴ የሚሄድ መሆን አለበት ብለው ተናገሩ። አቶ ቢሆነኝ "ከተከፈተ ይበላሻል፤ ለተቃጠለች ልጅ ነው፣ መጥታችሁ እዩዋት" ሲል ሰምቻለሁ። እነሱ ግን አንድ በአንድ እየቀደዱ ድንጋይ ላይ ዘረጉት፤ እሱንም እጁን አስረው ወሰዱት። ድንጋዩ ላይ የቀረውን ለቀምኩ። ፀሐይ አድርቆት ተጨማድዶ አፈርም ይዞ ነበር።

ቤት ወስጄ ውሃ ውስጥ ብነክረው ተመልሶ አበጠ። መድኃኒቱ የዳነ መስሎኝ ቁስሏ ላይ አለበስኳት። ክሊኒኩ ተዘግቶ ስለነበር የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ ቁስሉ ሸተተ፣ ትኩሳት ያዛት። ግንቦት 1 ቀን ጠዋት እጄ ላይ አረፈች።

የገደላት መድኃኒቱ ነው ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ አላውቅም። ያለበስኳት እኔ ነኝ፤ በአቶ ቢሆነኝ ላይ አይጻፍበት። ለወንበዴ መድኃኒት ሲሰጥ አይተሻል ወይ ለተባልኩት፣ አላየሁም። ቃሌን እሱ ባለበት ልስጥ ብዬ ጠይቄ፣ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል፣ የት እንደሆነም አይታወቅም ተባልኩ። ቢሆንም ቃሌ ተጽፎ ይያዝልኝ ብያለሁ።

የተጻፈው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ያየሁትና የደረሰብኝ ይኸው ነው፤ የጨመርኩት የለም። መጻፍ ስለማልችል በጣቴ አትሜበታለሁ።

የምስክሯ የጣት አሻራ ________
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ አባስ ሸዕባን፣ ፊርማ ________