ልጓም የለመዱ ጣቶች

ከአሰላ ወደ ዲክሲስ በሚያቋርጠው ኮረኮንች መንገድ ላይ ጭጋግ በወረደ ጠዋት፣ ድምፅ ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል። መጀመሪያ ሳል ይሰማል፤ ሰውየው በኋላ ይመጣል። ላም ትጮኻለች፤ ላሚቱ ግን አትታይም። ገብሱም፣ ባሕር ዛፉም፣ የጭላሎ ተራራም ጎን ለጎን ተኝተው አንድ ዓይነት ሕልም የሚያዩ ይመስላሉ። ኦቦ ከዲሮ በዚህ ሕልም መካከል፣ አቀበቱ ወገብ ላይ፣ ከሞተር ሳይክላቸው ጎን ተንበርክከው ካቴና ያጠብቁ ነበር።

ሞተር ሳይክሉ ለኮረኮንች የተሠራ፣ ጎማው ጥርሳም፣ ቁመቱ እንደ በቅሎ ከፍ ያለ ነው። ሜዳውን ደህና መጣ። አቀበቱን ሲጀምር ግን ሞተሩ እየጮኸ ጎማው አልከተልም አለ። ነዳጅ በጨመሩ ቁጥር ጩኸቱ ይብሳል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም። የተቃጠለ ነገርም ሸተታቸው። ኦቦ ከዲሮ የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፦ ወርዶ ካቴናውን ማጥበቅ። ትናንት አጥብቀውታል፤ ዛሬ ከቤት ሲወጡም አጥብቀውታል፤ አሁንም ያጠብቁታል።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አባቴ። እባክዎ ከዚህ በላይ አያጥብቁት።"

ድምፁ የመጣው ከጭጋጉ ውስጥ ነው። ኦቦ ከዲሮ ቁልፉን እንደጨበጡ ቀና አሉ።

"ወአለይኩም ሰላም። ሰው ነሽ ወይስ ጂኒ?"

"ሰው ነኝ። ጂኒ መኪና ይጠብቃል እንዴ?"

ከመንገዱ ዳር፣ ከትንሿ ድልድይ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ወጣት ተነሥታ ቀረበቻቸው። ጥቁር ሂጃብ ለብሳለች፤ ቦት ጫማ ተጫምታ ቦርሳ አዝላለች። ነቢላ እንደምትባል፣ ዲክሲስ አክስቷ ዘንድ እንደምትሄድ፣ የሚኒባሱ ሹፌር ጭጋጉን ፈርቶ ወደ አሰላ ሲመለስ እሷ ግን ሌላ መኪና እጠብቃለሁ ብላ እንደወረደች ነገረቻቸው።

"አልፌ ዝም ባልኩ ነበር" አለች፤ "ግን ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት የሞተር ጥገና ነው። የካቴናው ድምፅ አላስችል አለኝ።"

ኦቦ ከዲሮ ከጫማዋ እስከ ሂጃቧ አዩዋት። "የልጅ ልጄ ሙቢናም ይህንኑ ካልተማርኩ ብላ ትነዘንዘኛለች። የሴት ልጅ እጅ በሞተር ዘይት አይጨማለቅም ብዬ ከልክያታለሁ።"

"አመድና እበት ሲዝቅ ግን ዝም ይሉታል?"

"ለክርክር ጊዜ የለኝም፣ ልጄ" አሉ ሽማግሌው ወደ ካቴናው እያጎነበሱ። "እህቴ ፋጡ ዲክሲስ ታማ ተኝታለች። ሁለቱ ልጆቿ፣ ሀሰኖና ሚፍታ፣ በአባታቸው መሬት መካከል ባለ አንድ ቦይ ተጣልተው ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም። የማንንም ሽምግልና እምቢ ብለው፣ ለእናታችን ወንድም ብቻ እንቀመጣለን አሉ። ቀጠሮው ዛሬ ነው። ሀሰኖ፣ አጎቴ እስከ ዙሁር ሶላት ካልደረሰ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ ብሏል። ፋጡ ደግሞ ልጆቼ ከአንድ ሳህን ሲበሉ ሳላይ አትውሰደኝ እያለች ነው የምትጸልየው።"

"እንግዲያው በደንብ እንየው" አለች ነቢላ፣ ቦርሳዋን አውርዳ። "ካቴናውን ለምን ያጠብቁታል?"

"ስለላላ ነዋ! ሞተሩ ይሠራል፤ ጎማው አይዞርም። በመካከላቸው ያለው መልእክተኛ ማነው? ካቴናው። መልእክተኛው ሰንፏል ማለት ነው። እኔ ፈረሰኛ ነኝ፤ የዳማ ፈረሴን የኮርቻ ማሰሪያ ሳላጠብቅ አቀበት ወጥቼ አላውቅም።"

እዚህ ላይ በሽማግሌው መፍረድ አይገባም። አስተሳሰባቸው ሥርዓት ነበረው። በአርሲ ደጋ ያደገ ሰው ፈረስን እንደ ዘመዱ ያውቃል፤ የሚያውቀውንም ወደማያውቀው ይዞ ይሄዳል። ስሕተቱ ከዕውቀት ማነስ ሳይሆን፣ አንዱን ዕውቀት ሳይፈትኑ በሌላው ላይ ከመጫን የመጣ ነበር።

"መልእክተኞቹ ሁለት ናቸው፣ አባቴ" አለች ነቢላ። "ከካቴናው በፊት ፍሪሲዮኑ አለ። የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ የሚያሳልፈው እሱ ነው። ካቴና ላልቶ ጥርስ ሲዘል ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሞተሩም ይንገጫገጫል። የእርስዎ እንዲያ አለ?"

"የለም። ሳይንገጫገጭ ዝም ብሎ ነው የጮኸው።"

"ሽታውስ?"

"እንደተቃጠለ ካርቶን።"

"እንግዲያው የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው። እርስዎ አንገቱን ያነቁት ንጹሑን ነው። እስቲ ከላዩ ይቀመጡ።"

ተቀመጡ። ነቢላ ከካቴናው በታች እጇን ሰድዳ ነካችው። እንደ ማሲንቆ ጭራ ተወጥሯል።

"አዩ? ሰው ሲቀመጥበት፣ ጉድጓድም ሲገባ፣ የኋላው ጎማ ወደ ላይ ይነሣል። ያኔ ካቴናው ይበልጥ ይወጠራል። ትርፍ ካልተዉለት ወይ ይበጠሳል ወይ የሚዞርበትን ጥርስ ይበላል። ሞተሩም ጉልበቱን ከመንገዱ ጋር ሳይሆን ከራሱ ካቴና ጋር ሲታገል ይጨርሰዋል። ፍሪሲዮኑ ላይ ሸክም የጨመሩበት እርስዎ ነዎት።"

"ሲንዘላዘል ደስ አይልም እኮ!"

"ደስ የማይለው ለዓይን ነው።"

ከወንበሩ ሥር ያለውን የመሣሪያ ከረጢት ከፈተች። ካቴና ማጥበቂያው ቁልፍ በብዙ መጠምዘዝ አብረቅርቋል፤ ሌሎቹ ገና ከፋብሪካ በመጡበት ወረቀት እንደተጠቀለሉ ናቸው። ነቢላ አንዱን ከወረቀቱ አወጣች። የኋላውን ጎማ ዳዶ ፈታች፤ የግራና የቀኙን ማስተካከያ በየምልክታቸው እኩል አላላች፤ ጎማውን ቀስ አድርጋ አዞረች። ካቴና በሁሉም ቦታ እኩል ስለማያልቅ፣ ይበልጥ የሚወጠርበትን ቦታ ፈልጋ እዚያ ላይ ለካች፦ ከታች በኩል መሐሉን ሲነኩት ወደ ላይና ወደ ታች ሦስት ጣት ያህል ተንቀሳቀሰ። ዳዶውን መልሳ አጠበቀች።

ቀጥሎ በግራ እጅ በኩል ያለውን የፍሪሲዮን ማንሻ ያዘች። ገና ሲነካ ነው የሚስበው።

"ይህንንስ ማን ወጠረው?"

"እኔ። ልጓም ሲላላ አልወድም። የፈረሱ አፍ በእጄ ካልተሰማኝ አላምነውም።"

ነቢላ ማንሻውን ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚያገናኘውን የካቦ ሽቦ ማስተካከያ አዞረች፤ ማንሻው መሳብ ከመጀመሩ በፊት የሳንቲም ውፍረት ያህል በባዶ እንዲሄድ አደረገች። "ይህች ትንሽ ባዶ ቦታ ፍሪሲዮኑ በደንብ እንዲጨብጥ የምትፈቅድ ናት። አሁን እንሞክረው።"

ቦርሳዋን በመካከላቸው አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሣ፤ ጭጋጉ ተከፍሎ አሳለፋቸው። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ አለፉ። ከዚያ ያ ጩኸት መጣ፤ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለ፤ ጎማው ግን እንደ ደከመው ሰው ወደ ኋላ ቀረ። ቆሙ።

"ይኸው ትምህርትሽ!" አሉ ኦቦ ከዲሮ፤ ከመናደድ ይልቅ ድል ያደረጉ መሰሉ።

በዚያው ቅጽበት ስልካቸው ጠራ። የፋጡ ድምፅ ቀጭንና ሩቅ ነበር። "ወንድሜ፣ የት ነህ? ሀሰኖ ጫማውን እያሰረ ነው።"

"ደረስኩ በለው" አሉ። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ድሉ ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

ነቢላ አልተከራከረችም። "የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቆ ከሆነ እዚህ ላይ ምንም ማድረግ አልችልም፤ አሰላ ወስዶ ማስቀየር ነው። አልዋሽዎትም" አለች። "ግን ያላየሁት አንድ ነገር ቀርቷል። እርስዎን። እስቲ አቀበት እንደሚወጡ ሆነው ይቀመጡልኝ።"

ተቀመጡ። ነቢላ ወደ ፊት ዞራ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው።

"አባቴ፣ ይቺ ግራ እጅዎ ምን እየሠራች ነው?"

"ምንም።"

"ሁለት ጣቶችዎስ?"

ኦቦ ከዲሮ ዝቅ ብለው አዩ። አመልካች ጣታቸውና መሐል ጣታቸው ማንሻው ላይ ተጠምጥመው፣ በስሱ ስበውታል። የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው ትክ ብለው አዩት። ማን እንዳዘዘው አላወቁም።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምይዘው" አሉ በቀስታ።

"በሽታውን አገኘነው። በፍሪሲዮኑ ውስጥ ሞላ እርስ በርስ የሚያጣብቃቸው ሸራዎች አሉ። ማንሻውን ጥቂት ሲስቡ ጥቂት ይለያያሉ፤ ይፋተጋሉ፤ ይቃጠላሉ። ሞተሩ ጉልበት ይሰጣል፤ ሁለት ጣትዎ መልሶ ይቀማዋል።"

"ልጓም ለቆ አቀበት የሚወጣ ፈረሰኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔ ፈረስ አላውቅም፤ እርስዎ ይንገሩኝ። ዳማው ጭጋግ ውስጥ መንገድ ጠፍቶት ያውቃል?"

"ዳማ?" ኦቦ ከዲሮ ሳቁ። ዓይናቸው ወደ ጭጋጉ ሄደ። "አንድ ጊዜ ከበቆጂ ሰርግ ስመለስ እንዲህ ያለ ጭጋግ ነበር። ጠግቤ፣ ሞቆኝ፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። የኮቴውን ድምፅ በሕልሜ እሰማ ነበር፤ ሜዳ ሲሆን ይላላል፣ ድንጋይ ሲሆን ይጠነክራል። ከዚያ ጸጥ አለ። ነቅቼ ሳይ የራሴ በር ላይ ቆሞ ይተነፍሳል።"

"ያን ቀን ልጓሙን ማን ይዞት ነበር?"

ልጓሙ የዳማው አንገት ላይ ወድቆ እንደነበር ትዝ አላቸው። ይህን ታሪክ ስንት ሰርግ ላይ ሲያወሩት የፈረሱን ብልህነት ያወድሱ ነበር እንጂ፣ የገዛ እጃቸው ባዶ እንደነበረ ልብ ብለውት አያውቁም።

"አንቺ ልጅ" አሉ፣ "ኮሌጅ ያስተማሩሽ ሞተር ነው ወይስ ጥብቅና?"

ሰው በሌላው አንደበት ብቻ ተሸንፎ ልማዱን አይተውም። የሚተወው፣ ማስረጃውን ከራሱ ትዝታ ውስጥ ሲያገኘው ነው። ሞተሩ ጥቂት እስኪበርድ ጠበቁ።

"ነገሩስ ገባኝ" አሉ ሽማግሌው ሲነሡ፤ "ጣቶቼ ናቸው የማይሰሙኝ። ከኋላ ሆነሽ ተቆጪኝ።"

"ማርሽ ሲቀይሩ ብቻ ሙሉ በሙሉ ይሳቡት፤ ሲጨርሱ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት። ሌላ ጊዜ እጅዎ ከእጀታው አይውጣ።"

ጉዞው ተጀመረ። አቀበቱ ሲጠነክር ጣቶቹ ሳይታዘዙ ተንቀሳቀሱ።

"ጣት!" አለች ነቢላ ከኋላ።

ጣቶቹ ወደ እጀታው ተመለሱ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መግፋት ጀመረ። ድንጋይ ሲረግጡ ከታች ካቴናው ይወጠርና መልሶ ይላላ ነበር፤ እንደሚተነፍስ ነገር።

"ጣት!"

"ያ ረቢ! አየሁት፣ አየሁት!"

በጭጋጉ ውስጥ የነበሩ ገበሬዎች ምንም ሳያዩ፣ አንዲት ሴት ከሰማይ "ጣት!" ስትል፣ አንድ ሽማግሌም ሲስቅ ሰሙ። ከዚያ የጭጋጉ ጣሪያ ተቀደደ። ፀሐይ ወጣች። ወደ ኋላ ሲያዩ ነጩ ሁሉ ከታች ተዘርግቷል፤ ጭላሎ ብቻውን ከመሐሉ ወጥቶ በእርጋታ ቆሟል። ከፊታቸው የገብሱ ማሳ እስከ ዲክሲስ ያበራል። ኦቦ ከዲሮ ነዳጅ ሰጡ፤ ሞተሩ የተጠየቀውን ሰጠ። ግራ እጃቸው እጀታው ላይ ተኝታ ነበር።

ሲደርሱ ሀሰኖ ጫማውን አስሮ በሩ ላይ ቆሟል። ሚፍታ ከውስጥ፣ ከእናቱ አልጋ ራስጌ ተቀምጧል። ዙሁር ገና አልተጠራም።

"እጅህ በቅባት ጠቁሯል እኮ፣ አጎቴ" አለ ሀሰኖ።

"ስማር ነው የመጣሁት። ግባ።"

ሽምግልናው ረጅም ነበር። ሀሰኖ፣ ወሰኑ እስከ ቦዩ ጠርዝ ድረስ የእኔ ነው አለ፤ ሚፍታም ያንኑ አለ። ኦቦ ከዲሮ ሁለቱንም አዳምጠው፣ ሁለቱም አንዳንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንዲሉና ቦዩ ለሁለቱም ማሳ በጋራ እንዲፈስ ፈረዱ። "መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ልጆቼ። በመካከላችሁ ሦስት ጣት ትርፍ ተዉ" አሉ።

"የምን ሦስት ጣት ነው?" አለ ሚፍታ።

"የካቴና ነው።"

ወንድማማቾቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። ከተጣሉ ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ፋጡ ከአልጋዋ ሳቀች፤ ሳሏ እስኪቀሰቀስ ሳቀች። ዙሁር ሰግደው ሲመለሱ አንድ ሳህን ቀረበ፤ ሦስት እጅ ገባበት። እሷም ትራስ ተደግፋ አየች።

ከዚያ ወዲህ ኦቦ ከዲሮ ካቴናውን በስሜት አያጠብቁም፤ ከላዩ ተቀምጠው ያስለካሉ። ነቢላ እንደመከረቻቸውም ሞተሩ ውስጥ ሲጨምሩት የነበረውን የመኪና ዘይት ትተው ለሞተር ሳይክል የሚሆነውን አስገብተዋል፤ የመኪና ዘይት አንዳንዱ ፍሪሲዮን የሚያንሸራትት ቅመም አለበትና። ነዳጅ ይቆጥባሉ፤ የካቴናው ጥርስ አይበላም፤ በአቀበት ወገብ ላይ ቀጠሮ አያመልጣቸውም። የመንደሩ ባለ ሞተሮችም ሲያልፉ ይቆማሉ፤ ሽማግሌው ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ግራ እጃቸውን ያያሉ።

ግን ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ የመጣው ያን ዕለት ከነቢላ ጋር በአክስቷ ደጃፍ ሲሰነባበቱ ነው።

"ልጄ" አሉ ኦቦ ከዲሮ፣ ሞተሩን አስነሥተው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። "ያ ኮሌጅሽ ሒሳብ የማትወድ ልጅ ይቀበላል?"

"ሙቢና ሒሳብ አትወድም?"

"አትወድም። ግን እንደ አንቺው አፏ አያርፍም።"

"እንግዲያው ግማሹን ተምራዋለች" አለች ነቢላ።

ሽማግሌው ብቻቸውን ሲመለሱ ጭጋጉ ቁልቁለቱ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። በውስጡ ገቡ። ዓለም መልሶ ነጭ ሆነ፤ ከኮቴ የማይለይ የሞተር ድምፅ ብቻ ቀረ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሁለት ጣቶቻቸው በራሳቸው ቀስ ብለው ተነሡ። ከኋላቸው ማንም አልነበረም። ኦቦ ከዲሮ ፈገግ ብለው፣ "ጣት!" አሉ፤ ጣቶቹም ተመልሰው ተኙ።