ሁለት ግራ እጅጌ

እናቴ የሙሽራውን ኮት እጅጌዎች ሁለቱንም ግራ አድርጋ ቆረጠቻቸው። አንዱን ከቆረጠች በኋላ ንድፉን መገልበጥ ነበረባት፤ ረሳች። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት።

እግር ጥሎኝ ስደርስ፣ ታላቅ እህቷና የስፌት ቤቱ ባለቤት የሆነችው አክስቴ ከሥራ ልታሰናብታት ቆማለች።

«ደግ መጣሽ። እናትሽን ይዘሽልኝ ሂጂ።»

«ከሆስፒታል የወጣችው ገና አሁን መሆኑን እያወቅሽ?»

«ድናለች እኮ። የሌለ ድምፅ አትሰማም፣ አትቃዥም፣ መድኃኒቷን ትውጣለች። የቀረው ስንፍና ነው። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።»

«አውቃ አልተኛችም፣ አክስቴ። እንዲህ ያለው ሕመም ድምፁ ጸጥ ካለም በኋላ ትኩረትንና ማስታወስን እያወከ ሊቆይ ይችላል። ሁሉም ላይ እኩል አይደለም፤ ስንፍና ግን አይደለም። ለመሆኑ ምን ምን ነበር ያዘዝሻት?»

«እንደ ማንም ሰው ነዋ። እጅጌውን ቁረጪ፣ ገበሩን ተኩሺ፣ ቁልፍ ምረጪ፣ ስልክ ሲጠራ አንሺ።»

እናቴ ከማሽኑ ኋላ ቀና አለች። «ሁለቱን ትእዛዝ ይዤ ነበር፣ እትዬ። የቀረውን ሬዲዮው በላብኝ።»

አክስቴ ልትስቅ ነበር፤ ቅናቷ ቀደማት።

«ድሮ ደንበኛው ሁሉ እሷን ሲጠራ እኔ ክር ለቃሚ ነበርኩ። ታመመች፣ ዘመድ ሁሉ ለእሷ አለቀሰ። አሁን ስታበላሽ ደግሞ በትምህርት ተደግፎ ይታዘንላታል። የእኔ ተራ መቼ ነው?»

«ቅናትሽን አልነካብሽም። ግን ሞክሪው። አንድ ነገር ብቻ እዘዣት፤ ሲያልቅ ሌላውን።»

ለአንድ እጅጌ የሚበቃ ጨርቅ ተርፎ ነበር። አክስቴ እያጉረመረመች ሬዲዮውን አጠፋች።

«ንድፉን ገልብጪው።»

እናቴ ገለበጠችው።

«በጠመኔ አስምሪ።»

አሰመረች።

«ቁረጪ።»

ቀስ ብላ ቆረጠች። ቀኝ እጅጌ ሆነ። አክስቴ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች።

«እጇ አሁንም ከእኔ ይበልጣል» አለች፣ እሬት እንደቀመሰ ሰው።

ነገሩ ይኸው ነው። ትእዛዝ ሲከፋፈልና ጫጫታ ሲቀንስ ጨርቅ አይባክንም፣ ደንበኛ አይሸሽም፣ የታመመውም ሰው ከሥራው አይነቀልም። ወጪው ትንሽ ትዕግሥት ነው፤ እሱም ለቀናተኛ ውድ ነው።

የሙሽራው እናት በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ባለሙያዋ የታለች? እኔ ከእሷ ጋር ነው የማወራው።»

የአክስቴ ፊት ጠቆረ። እናቴ መቀሷን አስቀምጣ ልትነሳ ስትል አክስቴ በእጇ ምልክት ከለከለቻት።

«ሥራ ላይ ናት፤ አያናግሯት። ኮቱ ይዘገያል፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ይምጡ፣ ውጭ እንነጋገር።»

ሴትዮዋን ክንዳቸውን ይዛ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።