ሹራብ በጋምቤላ ሙቀት

ጋምቤላ ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ በሚውልበት ሙቀት፣ እኔ ሱቄ ውስጥ ሹራብ ለብሼ እንቀጠቀጥ ነበር። ሚስቴ ዘሃራ "ወባ ነው" እያለች ስንቴ አስመረመረችኝ መሰላችሁ! ወባ የለም። በኋላ አንዲት ሐኪም ሹራቤን አይታ ታይሮይድ የሚሉትን የአንገት እጢ የደም ምርመራ አዘዘችልኝ። ቲኤስኤች የሚሉት ቁጥር በጣም ከፍ ብሎ መጣ። "እጢዬ አብዝቶ ይሠራል ማለት ነው?" አልኳት። "የለም አባባ፤ እጢዎ ሰንፏል፤ የሚበርድዎትም ለዚህ ነው። ከፍ ያለው አንጎልዎ እጢውን 'ሥራ እንጂ!' እያለ የሚልክበት ትእዛዝ ነው" አለችኝ።

ያዘዘችልኝን ኪኒን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ በውሃ እየዋጥኩ ሁለት ወር ሄደ፤ ቁጥሩም ወረደ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሹራቤን አውልቄ "ኧረ ይሄ ሙቀት ሊገድለን ነው!" ብዬ ሳማርር፣ ዘሃራ ከጓዳ ሮጣ መጥታ "አልሐምዱሊላህ! እስቲ ድገመው!" አለችኝ።